ጥቅምት ሠላሳን የማያውቅ ማሽን

በሕይወትህ ምን ፈርተህ ታውቃለህ ብትሉኝ ጅብ አልላችሁም። ጅብ መካነ ሰላም ላይ ከእኛ በፊት የሰፈረ ነዋሪ ስለሆነ ለምደነዋል። ከአቀስታ ወዲህ ያለውን መንገድ በጭነት መኪና፣ እህል ላይ ተቀምጬ ስመጣም ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ ያን ያህል አልፈራሁም። እኔን ያርበደበደኝ ሦስት ገጽ ወረቀት ነው። ከማተሚያው መስመር በመስመር ሲወጣ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔ ብቻ አውቀው ነበር። ጉዱን ከሥሩ ካላወራሁት አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት። እኔ የሂሳብ መምህር ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ በሬያቸው ላለቀባቸው ገበሬዎች የእርሻ በሬ የሚሰጥ አንድ የውጭ ርዳታ ፕሮጀክት ወደ አውራጃችን መጣ። ፈረንጆቹ ከበሬው በፊት ኮምፒዩተር ላኩ፤ ተቀባዮቹ በወጉ ይመዝገቡ ብለው ነው። ማሽኑ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሰው አቅፎት፣ ከደሴ መጣና አንድ አሮጌ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። የሚነካው ሰው ሲፈለግ ሂሳብም ታይፕም የሚችል እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ታይፕ የምመታው በሁለት ጣት መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሦስት ወር አዲስ አበባ ተልኬ ሠለጠንኩ። ያሠለጠነኝ ጺማም ፈረንጅ ስኪም የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አስተማረኝ። ስኪም የቅንፍ ቋንቋ ነው። አንድ ቅንፍ ይከፍታል፣ በውስጡ ሌላ ይከፍታል፣ በዚያ ውስጥ ሦስተኛ ይከፍታል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ደርድሮ ይዘጋል። እኔም ወሬ ሳወራ እንደዚያው ነኝ (ይኸው አሁን እንኳ ከበሬው ተነሥቼ የት እንደደረስኩ እዩልኝ)፣ ስለዚህ ቶሎ ተግባባን።

አሁን አንዲት ነገር ላስረዳችሁ፤ አትሰልቹ፣ ኋላ የእኔ አንገት የሚንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። የበሬ ተቀባዮችን ዝርዝር የሚያወጣው ዋናው ፕሮግራም አጭር ነበር። ሥራውን የሚጀምረው ላይብረሪ በመጥራት ነው። ላይብረሪ ማለት ፈረንጁ አስቀድሞ ጽፎ ዲስኬት ላይ ያኖረው የትእዛዝ ክምችት ነው። ስኪም ላይብረሪውን ፈልጎ ይጭናል። በውስጡ አጫጭር ቃላት አሉ፤ ለምሳሌ «ለየአባወራው» የሚል። ስኪም ይህችን ቃል ሲያገኝ ወደ ረጅም ትእዛዝ ይዘረጋታል፤ መዝገቡን ክፈት፣ የባልን ስም ተመልከት፣ የባል ስም ከሌለ መዝገቡ አልተሟላም ብለህ እለፈው፣ ካለ ጻፍና ወደሚቀጥለው ሂድ። ዘርግቶ ሲጨርስ ደግሞ ሁሉንም ማሽኑ ቶሎ ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ በዚያ ማሽን ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ታዲያ ስኪም ይህን ድካም በየቀኑ አይደግመውም። አንዴ የለወጠውን በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል። ሽሮን አስቡ። ወጥ በተሠራ ቁጥር ሽምብራ አይቆላም፣ አይከካም፤ ተፈጭቶ ከተቀመጠው ይጨለፋል። እንደገና የሚፈጨው አዲስ ሽምብራ ሲገባ ነው። ስኪምም ሥራ ሲጀምር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ጥሬው ጽሑፍ የተጻፈበት ቀን ከተዘጋጀው ፋይል ቀን በኋላ ነው ወይ? በኋላ ከሆነ ጥሬውን አንብቦ፣ ዘርግቶ፣ እንደ አዲስ ያዘጋጃል። ካልሆነ ጥሬውን ዞር ብሎም አያየው፤ ከቀድሞው ይጨልፋል። ፈረንጁ የተዘጋጀውን ፋይል መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሠርቶልኝ «ይህን እንዳትነካው» አለኝ። እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ፤ አልነካሁትም።

መካነ ሰላም ስመለስ ከጓድ ደምሰው ጋር ተዋወቅን። ጓድ ደምሰው የበሬ እደላው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ወፍራም ድምፅ፣ የተተኮሰ ካኪ፣ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የአንድ ዓመት ትምህርት። ሰው ገና አፉን ሲከፍት «ገብቶኛል» ይላሉ። አንድ ቀን መጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል ልላቸው «ጓድ፣ ጣሪያው» ስል «ገብቶኛል፣ የጣሪያ ቀለም በሚቀጥለው ዕቅድ ይያዛል» ብለውኝ ሄዱ። ማሽኑን ያዳንኩት በጃንጥላ ነው።

ማሽኑ ቀን የሚያስታውስበት ነገር አልነበረውም፤ ጠዋት የመብራት ማመንጫው ሞተር በተነሣ ቁጥር ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዕለት በፈረንጅ አቆጣጠር ስጽፍ ጓድ ደምሰው ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ይህ ማሽን በማን ዘመን ነው የሚኖረው?» አሉ።

«ጓድ፣ በፈረንጅ ነው። ምክንያቱ...»

«ገብቶኛል። የኢትዮጵያ ጭቁን ገበሬ ስም በፈረንጅ ቀን አይመዘገብም። አስተካክለው።»

አስተካከልኩት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው ያስተካከልኩት። ማሽኑ ከሰማንያ በታች ያለ ዓመት አልቀበልም ይል ነበር፤ እኛ ደግሞ ሰማንያን ገና መግባታችን ነው። ለጥቂት ተረፍን ብዬ ዓመቱን ሰማንያ፣ ወሩን ሁለት ብዬ ጥቅምትን ጻፍኩለት፤ ምንም ሳይል ተቀበለ። ማሽኑን ሰባት ዓመት ወደኋላ እንደመለስኩት ለአንድ አፍታ እንኳ አልታየኝም። ለነገሩ ማን ይታየዋል? የግድግዳው ካላንደር ሰማንያ፣ ማሽኑ ሰማንያ፤ እኔም የሚስማማ ነገር ስለምወድ ሁለቱን እያስተያየሁ ረካሁ።

ጓድ ደምሰው በዚያው ሰሞን መመሪያ አወጡ። ከዚህ በፊት በነበረው እደላ በእጅ የተጻፈው ዝርዝር በየገበሬ ማኅበሩ ሹማምንት ዘመድ ተሞልቶ ተገኝቶ ነበርና፣ ከእንግዲህ በሬ የሚወስደው ማሽኑ ስሙን ያተመለት ብቻ ነው አሉ። «ማሽን አይዋሽም። ማሽን ዘመድ የለውም። በእጅ ስም የጨመረ አሻጥረኛ ነው» አሉ። አሻጥረኛ የምትለው ቃል ያኔ ምን ታመጣ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ወይዘሮ ፋጡማ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ወደ አባይ ቆላ መውረጃው አፋፍ ላይ የሚኖሩ፣ ባላቸው በድርቁ ዓመት የሞቱባቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሁለቱም በሬዎቻቸው አልቀዋል። መሬታቸውን በሬ ያለው ጎረቤት እያረሰው ግማሹን ምርት ይወስዳል፤ በቀረው ግማሽ አራት ልጅ ያድራል። አንድ በሬ ካገኙ ከእህታቸው በሬ ጋር አጣምደው የራሳቸውን ሊያሳርሱ ነው። መዝገቡ ላይ አሉ፤ እኔ ራሴ በሁለት ጣቴ ያስገባኋቸው ናቸው። የታተመው ዝርዝር ላይ ግን የሉም።

«አንብብልኝ እስቲ ልጄ፣ እንደገና» አሉኝ። ክንዳቸው ላይ አዲስ ገመድ ጠቅልለው ይዘዋል፤ በሬውን የሚስቡበት ነው።

እንደገና አነበብኩ። የሉም።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ያቺ «ለየአባወራው» የምትል ቃል ስትዘረጋ የባል ስም ትጠይቃለች፤ ባል የሌለው መዝገብ ይታለፋል። ፈረንጁ የእኛ አገር ባሎች እንዴት እንዳለቁ ምን ያውቃል። ጥሬውን ጽሑፍ ከፍቼ የባል ስም ከሌለ የሚስትን ስም ውሰድ ብዬ አረምኩት። ሁለት መስመር ነው።

«ነገ ይምጡ እማማ፣ አልቋል» አልኳቸው።

«አላህ ይስጥህ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው፣ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። አተምኩ። የሉም።

ጽሑፉን ከፈትኩ፤ ያረምኩት እንዳረምኩት አለ። ሌላ መስመር ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን አተምኩ፤ አሁንም የሉም። እደላው ለጥቅምት ሠላሳ ተቆርጧል፤ ከደሴ እንግዳ ይመጣል። በሬዎቹ ከአጅባር ገበያ ተገዝተው፣ በእግራቸው ተነድተው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ታጉረዋል። እኔ ቁልፍ በመታሁ ቁጥር ከጀርባዬ አንዱ ያገሣል።

ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ግን ያንን ሁሉ ቅንፍ በዓይን መቁጠር ያሳብዳል። ወይዘሮ ፋጡማ ከቀሚሳቸው ጫፍ የባቄላ ቆሎ ፈትተው ሰጡኝና አንድ ዘዴ መጣልኝ። እኔ ከስክሪኑ እያየሁ «ክፈት» ስል እሳቸው አንድ ባቄላ ሳህን ላይ ያኖራሉ፤ «ዝጋ» ስል አንድ ያነሣሉ። ግማሽ ቀን ሙሉ ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ዝጋ አልን። ሞተሩን የሚያስነሱት ጋሽ እንድሪስ በመስኮት አዩንና ራሳቸውን ነቅንቀው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ ቅንፉ ሁሉ ልክ ነው። እንዲያውም መሃል ላይ እኔ ስሳሳት «አንዷን ዝጋ አላልክም» ብለው ያረሙኝ እሳቸው ናቸው። ባቄላውን በልተን ጨረስነው።

«ምናልባት ደክሞት ይሆናል» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ስለ ማሽኑ። «የእኔም ሞተር ሲደክመው የሚለውን አያውቅም።» በዚያው አንድ ስምምነት አደረግን። ማሽኑ ከጨሰ ወይም ካበደ እኔ ቀኝ እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ፤ እሳቸው መስኮት መስኮቱን እያዩ ወዲያው ሞተሩን ያጠፋሉ። ይህችንም እጅ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ደረስን። ማሽኑ እኔ የምጽፈውን ጨርሶ እያነበበው አልመሰለኝም። ያንን ለማረጋገጥ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ራስጌ ላይ እንዲታተም በዚያው በላይብረሪው ጥሬ ጽሑፍ ውስጥ «ሰላም ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አተምኩ፤ አልወጣም። ተናደድኩ። የሁለተኛው ገጽ ራስጌ ላይ «ጆሮ የለህም ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አልወጣም። ወይዘሮ ፋጡማ ለአምስተኛ ጊዜ ገመዳቸውን ይዘው ሲመለሱ ከጀርባቸው አየኋቸው፤ አንጀቴን በሉት። እንባዬ መጣ። ተመልሼ ተቀመጥኩና የመጨረሻው ገጽ ራስጌ ላይ በሁለት ጣቴ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ቦታው ሲደርስ ትሰሙታላችሁ። እሱም አልወጣም። ማሽኑ እንደ ወትሮው ያንኑ የድሮውን፣ ጨዋ ዝርዝር አተመ። ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት፤ የጻፍኩትንም ረሳሁት።

ጥቅምት ሠላሳ ጠዋት ጓድ ደምሰው መጋዘኑን በሰው ሞልተው ጠበቁኝ። ከፊት ወንበር ላይ ከደሴ የመጡት እንግዳ፣ ሽበታም ዝምተኛ ሰው፣ ተቀምጠዋል። ከኋላ ገበሬዎቹ ቆመዋል፤ ጋቢ የለበሰ፣ ቆብ ያደረገ፣ ጥምጥም የጠመጠመ ቄስ። በሩ ጋ ወይዘሮ ፋጡማ ከነገመዳቸው። ጓድ ደምሰው ክንዳቸው ሥር የትናንቱን ዝርዝር ይዘዋል።

«ዛሬ ማሽኑ በሕዝብ ፊት ያትማል፤ የሚታተመውን እኔ ራሴ አነባለሁ» አሉ። ማሽኑ የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ ዝርዝሩ የሚወጣው በላቲን ፊደል ነበር፤ ያንን ከእኔ ሌላ የሚያነብ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይኮሩበታልም። «እንቢ ካለ ደግሞ የትናንቱ አለ። በዚያው እናድላለን፣ በሬዎቹም ዛሬውኑ ይሄዳሉ።» ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው ማሽን እንደማይዋሽ፣ ዘመድ እንደሌለው፣ ከአፉ እውነት ብቻ እንደሚወጣ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አስነሡ። ማሽኑ ቀን ጠየቀ። ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳ ቀን ብዬ ጻፍኩ።

ማሽኑ እንዲህ ያለ ቀን የለም አለ።

ደገምኩት። የለም አለ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጓድ ደምሰው በሹክሹክታ።

«ጥቅምት ሠላሳን አላውቅም አለ፣ ጓድ።»

«ትናንት ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊሆን ነበር?»

ማሽኑን አየሁት። ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የሌለው ለማን ነው? ለፈረንጅ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ነው፣ ቢበዛ ሃያ ዘጠኝ። ማሽኑ ለካ ሰማንያ ስለው የኖረው በፈረንጅ ሰማንያ ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ያረምኩት ጽሑፍ ሁሉ የሰማንያ ቀን አለው፤ ፈረንጁ መስከረም ላይ ያዘጋጀው ፋይል የሰማንያ ሰባት። ለስኪም የእኔ እርማት የሰባት ዓመት አሮጌ ሽምብራ ነው፤ ሽሮው ከሱ በኋላ የተፈጨ። ያ ሁሉ ቀን ዞር ብሎም ሳያየው ከአሮጌው ሲጨልፍ ነበር። ላብ አጠመቀኝ፤ ከላቡ ጋር ደስታም ነበረበት።

የፈረንጁን ቀን ጻፍኩ፤ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥር፣ ሰማንያ ሰባት። ጓድ ደምሰው ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«ሐምሌ ዐሥር፣ ሰማንያ ሰባት?» አሉ። «ይህ እኮ ገና ያልመጣ ዘመን ነው።»

«ጓድ፣ ነገሩ...»

«ገብቶኛል። ወደፊት ይመለከታል ማለት ነው» ብለው ቀና አሉና ይህንኑ ለእንግዳው ተረጎሙላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አለመስማታቸው ጠቀመኝ።

ጥሬውን ጽሑፍ ከፈትኩ። ምንም ሳልነካ፣ አዲሱን ቀን እንዲይዝ ብቻ መልሼ አስቀመጥኩት። ፕሮግራሙን አስነሣሁ። ስኪም መስከረም ከመጣ ወዲህ ብሎኝ የማያውቀውን ነገር ስክሪኑ ላይ ጻፈ፤ ላይብረሪው ተለውጧል፣ እንደ አዲስ እያዘጋጀሁ ነው ይላል። ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። እያነበበኝ ነው። እያንዳንዷን መስመር እየዘረጋ፣ ያረምኩትን ሁሉ፣ የጻፍኩትን ሁሉ...

የጻፍኩትን ሁሉ ስል ራስጌዎቹ ትዝ አሉኝ።

ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ ነግሬያችኋለሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት የሆንኩትን ለጠላቴ አልመኝም። የሚሰማው ሞተሩና አልፎ አልፎ የሚያገሣ በሬ ነው። ጓድ ደምሰው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ሦስቱን ራስጌዎች በልቤ አነባለሁ፤ በተለይ ሦስተኛውን። መስኮቱ ላይ ጋሽ እንድሪስ ፊቴን አይተው ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፤ ላጥፋው ወይ ማለታቸው ነው። ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ነች። ወደ ላይ ማንሣት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ሞተሩ ይጠፋል፣ ማሽኑ ተበላሸ ይባላል፣ የትናንቱ ዝርዝር ይነበባል። እኔ በሰላም እራት እበላለሁ።

ወደ በሩ አየሁ። ወይዘሮ ፋጡማ ገመዱን ከክንዳቸው ፈትተው ጫፉን እየቋጠሩ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔ የፈራሁት ለእሳቸው በሬ መስሏቸው በከንፈራቸው ብቻ «አብሽር» አሉኝ።

ቀኝ እጄን በግራ እጄ ያዝኳት። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ብቻ ያዝኳት።

ማተሚያው ተንጫጫ። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። ጓድ ደምሰው ገንጥለው ወሰዱት፤ ጉሮሯቸውን አጸዱና ጮክ ብለው አነበቡ።

«ሰላም ነው?»

ገበሬው ሁሉ በአንድ አፍ «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከኋላ ያሉት ቄስ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ጓድ ደምሰው ትንሽ ግራ ቢገባቸውም ፈገግ አሉ። «ማሽኑ ሰፊውን ሕዝብ ሰላም ይላል» ብለው ለእንግዳው ገለጹና ስሞቹን አነበቡ። ከስሞቹ መካከል ከዚህ በፊት ያልነበሩ የሴቶች ስሞች አሉ። ነፍሴ በአፍንጫዬ ልትወጣ ደርሳ ሳለ ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ገጽ ወጣ። «ጆሮ የለህም ወይ?» ብለው አነበቡ። ቀና ብለው ሰዉን አዩ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ እሳቸውን የተቆጡ መስሏቸው «ኧረ እንሰማለን ጓድ፣ እሰማለሁ፣ ወላሂ» አሉ።

«ተግሣጽ ነው» አሉ ጓድ ደምሰው፤ ግን ፈገግታው ቀንሷል። ያንንም ገጽ አነበቡ። የወይዘሮ ፋጡማ ማኅበር የመጨረሻው ነው፤ እስካሁን አልተጠሩም።

ሦስተኛው ገጽ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የላቲን ፊደል በፍጥነት አይነበብላቸውም፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ እያሉ ነው የሚሄዱት።

«እንደ... ጓድ... ደምሰው...»

ስማቸውን ሲሰሙ ቆም አሉ። ደረታቸውን ነፋ አደረጉ፣ የካኪውን አንገት አስተካከሉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ አደረጉ።

«እንደ ጓድ ደምሰው... የሰው... ነገር... አትሰማም።»

ዓይኔን ስገልጥ ጓድ ደምሰው አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል። የመጨረሻዋን ቃል በገዛ ድምፃቸው፣ በሙሉ ጉልበት ነበር ያነበቧት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ አስተያየት ውስጥ የማላውቀው እስር ቤት በር ሲከፈት አየሁ።

«ይህ...» አሉ። «ይህ አሻጥር...»

እንግዳው ከወንበራቸው ሳይነሡ አቋረጧቸው። «ማሽኑ ነው ያለው?»

«ማሽኑ... አዎ፣ ማሽኑ፣ ግን...»

«ማሽን አይዋሽም ብለውን ነበር እኮ» አሉ እንግዳው። ፊታቸው ላይ ሳቅም ቁጣም የለበትም። «ዘመድም የለውም ብለዋል። ይቀጥሉ፣ ያንብቡ።»

ጓድ ደምሰው ቀጠሉ። ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ወረቀቱ ውሸት ነው ቢሉ እደላው ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። በላቦት የወረዛ ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ በተሰበረ ድምፅ ስም ጠሩ፣ ስም ጠሩ፤ ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ወይዘሮ ፋጡማን ጠሩ። ወይዘሮ ፋጡማ ገመዳቸውን አንሥተው፣ በሰዉ መካከል ተሹለክልከው፣ ወደ በሬዎቹ ሄዱ። እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። ሰው የፈራሁ መስሎት ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

የእኔ ነገር በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ታየ። ስኪም እንዴት እንደሚጭን፣ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ እንዴት ቀድሞ እንደሚያዘጋጅ፣ ከሽሮው ጀምሬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሰብሳቢው ጓድ ደምሰው ነበሩ፤ ከሽምብራው ሳላልፍ «ገብቶኛል» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ ያቺ ሦስተኛ ራስጌ እንድትጻፍ አልፈለጉም፤ አንዴ በገዛ አፋቸው አንብበዋታል፣ ይበቃቸዋል። ስለዚህ የተከሰስኩት ያለ ፈቃድ ቀን በመለወጥ ነው። ማሽኑን ተቀማሁ፣ ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ፤ እስከ ክረምት ድረስም በሳምንት አንድ ቀን እርከን እንድሠራ ተወሰነብኝ። ከጠበቅኩት አንጻር ሠርግ ነበር።

የካቲት ላይ እርከን የምንሠራበት ቦታ ወደ አፋፉ ተዛወረ። ድንጋይ ተሸክሜ ቀና ስል ወይዘሮ ፋጡማ ማሳቸው ዳር ቆመዋል፤ ትልቁ ልጃቸው ያርሳል። ሲያዩኝ ጠሩኝና የባቄላ ቆሎ ዘገኑልኝ። የመሬቱ ግማሽ ታርሷል፤ ዘንድሮ ምርቱ የማንም አይደለም፣ የራሳቸው ነው። የፕሮጀክቱ በሬ ቀይ፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ የሚያምር በሬ ነው። ልጁ «ተመለስ» ይለዋል፣ ይጮኽበታል፣ ጅራፍ ያጮኻል፤ በሬው ግን ዞሮ አያየውም፤ በያዘው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ጥሩ በሬ ነው እማማ» አልኳቸው። «ስም አወጡለት?»

«አወጣንለት ልጄ። ሥራው አልሐምዱሊላህ ምንም እንከን አይወጣለትም» አሉና ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን የሰው ነገር አይሰማም። ጓድ ብለነዋል።»